የሊፍት ማንኪያ

ኅዳር 4

እታለም፣

ሰላምታውን ላሳጥረው ነው፤ አትቀየሚኝ። ደህና ነኝ። ከባሕሩ በኩል የሚመጣው ብርድ አጥንት ድረስ ይገባል፤ የላክሽልኝ ሹራብ ግን በጊዜው ደርሶልኛል። እጅጌው ትንሽ ረዘመ እንጂ ሌላው ልኬ ነው። እግዜር ይስጥልኝ። አሁን ወደ ጉዳዩ ልግባ።

ደብዳቤሽን የከፈትኩት በምሳ ሰዓት፣ የምመረምረው ክሬን ሥር ቆሜ ነው። ስለ ተማሪዎችሽ፣ ስለ ጎረቤት ድመት፣ ስለ እማዬ ጉልበት አንድ ገጽ ሙሉ ጻፍሽ። ከዚያ ከፊርማሽ በላይ ባለችው መስመር ላይ "ብሎን ተመልሷል፤ ሊፍቱን እየሠራልን ነው፤ የጠራችው እማዬ ናት" አልሽ። ክው አልኩ። ደግሜ አነበብኩት። ሌላ ብሎን የሚባል ሰው ይኖር ይሆን ብዬም አሰብኩ፤ እንደዚያ የሚባል ሰው ግን በዓለም ላይ አንድ ብቻ ይመስለኛል።

እስቲ በግልጽ ንገሪኝ። ያው ሊፍት ጠጋኙ ነው? ባለፈው ግንቦት ሊፍቱን ምድር ቤት አውርዶ ሲጠግን፣ "አይሠራም" የሚለውን ማስታወቂያ ታች ብቻ ሰቅሎ የላይኞቹን ፎቆች በር እንዲሁ የተወው? አባባ ስምንተኛ ፎቅ ላይ ሊፍት አለ ብሎ ወደ ባዶ ጉድጓድ የገባው በእሱ ምክንያት መሰለኝ። ፈቃዱንም የነጠቁት ለዚህ መሰለኝ። ከፊርማሽ በታች ደግሞ ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ከሟች ቤተሰብ ተቃውሞ ካልመጣ ሊመልስለት ነው ትዪኛለሽ፤ አንቺም አልተቃወምሽም። እና ቤታችን ገብቶ ተቀመጠ? የት ተቀመጠ? አባባ ወንበር ላይ እንዳትዪኝ ብቻ።

ያንን ፍልስፍናሽን እንደምታወጪብኝ አውቃለሁ። ልጅ ሆኜ ሳህን ሰብሬ አልጋ ሥር ስደበቅ እንኳ "ጥያቄው ማን ሰበረው አይደለም፤ ማን ይጠርገዋል ነው" ትይኝ ነበር። ያኔ ጠቅሞኛል፤ አልክድም። ግን አባባ ሳህን አይደለም።

አንድ ነገር ብቻ መልሺልኝ። ሊፍቱ ተጠግኖ ሲያልቅ አንቺ ራስሽ ትሳፈሪበታለሽ?

ወንድምሽ


ኅዳር 13

ወንድምዬ፣

እንደምን ሰነበትክ ብዬ ልጀምር ነበር፤ እንዳልሰነበትክ ደብዳቤህ ራሱ ተናገረ። ይቅርታ አድርግልኝ። ነገሩን መጨረሻ መስመር ላይ የወሸቅኩት ፈሪ ስለሆንኩ ነው። ደውዬ እንዳልነግርህ ያለፈው ጊዜ የሆነውን ታውቃለህ፤ አንተ ጮህክ፣ እኔ ጮህኩ፣ እማዬ በማግሥቱ እህል አልቀምስም አለች። ቤቱ ጠባብ ነው። የእማዬ ጉልበት ደከመ እንጂ ጆሮዋ የልጅ ጆሮ ነው። ስለ አባባ ስንጨቃጨቅ እንድትሰማ አልፈልግም፤ በደብዳቤ ይሁን ያልኩህም ለዚህ ነው።

አዎ፣ ያው ብሎን ነው። አባባ ወንበር ላይ አልተቀመጠም፤ ከደጃፉም አላለፈም። ከኮሌጅ መጥቼ፣ ያን ሁሉ ደረጃ ወጥቼ ትንፋሼ ሊቆረጥ ሲደርስ ነው ያየኋቸው። እማዬ ዱካ አውጥታ በሩ ላይ ተቀምጣለች፤ እሱ ኮሪደሩ ላይ ቆሞ ኮፍያውን ይጠመዝዛል። እኔም እንዳንተው ደርቄ ቀረሁ። የሆነ ነገር ልወርውርበት ብል የያዝኩት የተማሪዎች የፈተና ወረቀት ብቻ ነበር። "ማን ጠራው?" ስላት "እኔ፤ ያበላሸውን ይሥራ" አለች።

ለምን ዝም እንዳልኩ ልንገርህ። እማዬ ከግንቦት ጀምሮ መሬት አልረገጠችም። የቀብሩ ዕለት በወንበር ልናወርዳት ስንሞክር አንዱን የወንበሩን እግር የያዝከው አንተ ነበርክ። ሰባተኛው ፎቅ መታጠፊያ ላይ ከፊት ያለው ሰውዬ ሲንሸራተት የጮኸችውን ጩኸት አትረሳውም። ባሏን በመስኮት ነው የሸኘችው። ከዚያ ወዲህ "እንደ ቁም ሳጥን በደረጃ አልወርድም" ብላ ማለች። ሌሎች ጠጋኞች ያልጠራን እንዳይመስልህ። አንዱ መጥቶ ከላይ እስከ ታች አየውና "እናት፣ ይኸ ሊፍት የሚጠገን አይደለም፣ ሙዚየም ገብቶ የሚጎበኝ ነው" ብሎኝ ሄደ። መለዋወጫው የትም አይመረትም፤ ሆዱን የሚያውቀው ብሎን ብቻ ነው። ቤት እንቀይር እንዳልላት ደግሞ አባባ በገዛ እጁ መደርደሪያ የገጠመበትን ቤት ጥላ የምትሄድ አልመሰለኝም።

ፍልስፍናዬን ስለነካኸው ትንሽ ልመልስ። ክፍል ውስጥ ስሙ ፕራግማቲዝም ነው፤ ተማሪዎቼ ስሙን እንጂ ነገሩን አይፈሩትም። የእኔ ሰዎች፣ ፈላስፎቹ፣ የሚሉት ይኸን ነው፦ ሁለት ሐሳብ ሲጣሉብህ የትኛው ያምራል አትበል፤ በኑሮ ላይ ምን ለውጥ ያመጣል በል። ብሎን ቢቀጣ አባባ አይመለስም። ብሎን ቢሠራ እማዬ ትወርዳለች። ጥፋት የሌለበት ሰው፣ ስንጥቅ የሌለበት ዓለም ቢኖር እኔም ዕቃዬን ጠቅልዬ እሄድ ነበር፤ አድራሻውን የሚያውቅ ሰው ግን እስካሁን አላገኘሁም። ያለችን ይቺው ናት። ባለችው እንዴት እንኑር ነው የእኔ ነገር።

ብሎን አሁን በየፎቁ በር ላይ ማስታወቂያ ይሰቅላል፤ ሲነካካው አይደለም፣ ምሳ ሊበላ ሲሄድ እንኳ ይሰቅላል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ አልኩ በልቤ። ግን ደግሞ አየሁት፤ ስምንተኛው ፎቅ ላይ ሲሰቅል እጁ ይንቀጠቀጣል።

ሹራቡን እጅጌውን አጥፈህ ልበሰው። በርታ።

እህትህ


ኅዳር 24

እታለም፣

ደህና ነኝ። ሳልም ለቆኛል። እጅጌውን አጥፌዋለሁ።

አጭር ልጽፍልሽ ነው፤ ምክንያቱም ረዝሜ ከጻፍኩ የማይሆን ነገር እጽፋለሁ። የእኔን ሥራ ታውቂዋለሽ። መንጠቆ ላይ የፀጉር ያህል ስንጥቅ ካየሁ ቀይ ቀለም ቀብቼ አወጣዋለሁ። መንጠቆው "ከእንግዲህ እጠነቀቃለሁ" ቢለኝ አልሰማውም፤ እጁ ቢንቀጠቀጥም አላዝንለትም። ከሥሩ ሰው ይቆማላ። አንቺ ያለችን ይቺው ናት ትያለሽ፤ እኔ ደሞዝ የሚከፈለኝ ይቺ አትበቃም እንድል ነው።

ስለዚህ ተቃውሞዬን ለመሥሪያ ቤቱ ልኬያለሁ። አላማከርኩሽም፤ አንቺም አላማከርሽኝም። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ብትዪኝ ግድ የለኝም። እማዬን የሚያወርድ ሌላ መንገድ ይፈለጋል፤ ግን አባቴን የገደለ እጅ እናቴን ይዞ አይወርድም። ይኸን ሳስብ እንቅልፍ አልወስድ ይለኛል።

ደግሞ ጥያቄዬን አልመለስሽም። አራት ገጽ ጻፍሽ፤ ስለ መንቀጥቀጡ፣ ስለ ሙዚየሙ ሰውዬ፣ ስለ ሰዎችሽ ሁሉ። ትሳፈሪበታለሽ ወይስ አትሳፈሪበትም?

ወንድምሽ


ታኅሣሥ 3

ምን አደረግክ?

ሰላምታ የለኝም ዛሬ። ሁለት ሰዎች መጡ፤ ወረቀት የያዘና ሙጫ የያዘ። ከምድር ቤት ጀምረው በየፎቁ በር ላይ ማሸጊያ እየለጠፉ ወጡ። ብሎን ታች የሙከራ ሥራ ላይ ነበር፤ መሣሪያውን ሰብስብ አሉት፣ ሰበሰበ። እማዬ በሩን ከፍታ "ምን ልታደርጉ ነው?" አለቻቸው። "ልጅዎ ተቃውመው ነው" አሏት። እኔን ያሉ መሰላትና ዞራ አየችኝ። እንደዚያ አይታኝ አታውቅም። "እኔ አይደለሁም እማዬ" አልኩ፣ ሌባ እንደተባለች ልጅ። "እሱ ነዋ" ብላ ገባች። ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተኛች።

አንተ ደግሞ ገዳይ ትላለህ። አሳ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል ይባላል፤ እንግዲህ ጎርጉረሃልና ዘንዶውን ተቀበል። ልነግርህ አልፈልግም ነበር። እስከ ዛሬ የዋሸንህ ለቅሶህ እንዳይበዛ ብለን ነው።

የሊፍቱ የውጭ በር፣ ሊፍቱ እዚያ ፎቅ ላይ ካልቆመ በቀር መከፈት የለበትም። የእኛ ግን ሊፍቱ መጥቶ ቆሞም አይከፈትም ነበር፤ ይነክሳል። አንተ ከሄድክ በኋላ ነው የባሰበት። ከዕለታት አንድ ቀን አንዱ ጎረቤት የሻይ ማንኪያ እጀታ አጥፎ በበሩ ክፍተት አስገባና ቀጭ ሲያደርገው ተከፈተ። በሳምንቱ ሕንፃው ሁሉ ማንኪያ አጠፈ። በየቤቱ በር አጠገብ ምስማር ላይ ተሰቅሎ ነበር፤ እንግዶች ምንድን ነው ብለው ሲጠይቁ "የሊፍት ማንኪያ" እንላቸው ነበር፣ ቁልፍ የምንል ያህል። እየሳቅን። ለቀብሩ ስትመጣ በራችን አጠገብ አልፈኸዋል፤ ምንድን ነው ብለህ አልጠየቅክም። ሊፍቱ ቢኖርም ባይኖርም እንደሚከፍት ማንም አላሰበም፤ ሁልጊዜ ሊፍቱ ይኖር ነበራ።

ብሎን ይኸን ያውቅ ነበር። መቆለፊያውን አጥብቆም ነበር፤ አንድ ጊዜ። በማግሥቱ የሦስተኛ ፎቋ እርጉዝ ሊፍት ውስጥ ተዘግቶባት ግማሽ ቀን አለቀሰች። ከዚያ የሕንፃው ኮሚቴ ሊቀ መንበር ብሎንን ጠርቶ "ተወው ልጄ፣ አላላው፤ በማንኪያው ለምደናል" አለው። ሊቀ መንበሩ ማን እንደነበር አትጠይቀኝም መቼም። አባባ ነው።

ያን ዕለት በሩን የከፈተው በራሱ ማንኪያ ነው። ማስታወቂያ ቢኖር አይከፍተውም ነበር፤ እውነት ነው፣ ያ የብሎን ጥፋት ነው። ማንኪያው ባይኖርም አይከፈትም ነበር፤ ይኸስ የማን ይባላል? ደግሞ ፊቱን ወደ በሩ አላዞረም። ዳቦ ስንት ላምጣ እያለ ወደ ኋላው ዞሮ እያወራ ነው የገባው። የሚያወራው ከእማዬ ጋር ነው። ማዕድ ቤት ነበረች ያልንህ ውሸት ነው። በራችን ላይ ቆማ ነበር። አይታለች።

ይኸን ሁሉ አውቀህ ገዳይ በል።

እህትህ


ታኅሣሥ 19

እታለም፣

ደብዳቤ ስጀምር ስቀድ ሰነበትኩ። ይቅርታ ስላዘገየሁብሽ።

እማዬ ማዕድ ቤት ነበረች ብላችሁኝ ነበር። እኔም በልቤ "እንኳን አላየች" እያልኩ ነበር የምጽናናው፤ የነበረችኝ መጽናኛ እሷ ብቻ ነበረች። አሁን ማታ ዓይኔን ስከድን በሩ ላይ ቆማ አያታለሁ። ስንት ዳቦ ብላው ይሆን? መለሰችለት ወይስ ሳትመልስለት? አትመልሺልኝ፤ እንዲያው ነው።

በመጀመሪያ ተናደድኩ። ሞቶ መልስ መስጠት በማይችል ሰው ላይ ታላክኩበታላችሁ፣ የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ነው ብዬ ተንጨረጨርኩ። እውነቱን ልንገርሽ፣ ደብዳቤሽን ጨብጬ ባሕር ልጨምረው ነበር።

ከዚያ አንድ ነገር ሆነ። ሁለተኛው ክሬን ላይ ለሌላ ጉዳይ ወጣሁ። ከመጠን በላይ ጭነት ሲነሳ ክሬኑን በራሱ የሚያቆም መሣሪያ አለ፤ ደህና ነው ብዬ የፈረምኩበት እኔ ነኝ። በቀጭን ሽቦ ታስሯል። እንዳያቆም። ሽቦው አዲስ አይደለም፤ ዝጓል። ኦፕሬተሩን "ይኸ ምንድን ነው?" አልኩት። ሰውዬው አልደነገጠም እኮ። የደነገጥኩት እኔ ነኝ። "ጌታዬ፣ እሱ ካልታሰረ ሥራ አይሄድም፤ እርስዎ ሲመጡ እንፈታዋለን፣ ሲሄዱ እናስረዋለን" አለኝ። ዛሬ ሳልነግራቸው ስለመጣሁ ነው ያየሁት። ወደቡ ሁሉ ያውቃል። ከእኔ በቀር ሁሉም።

ሽቦውን ቆርጬ ወረድኩ። ወርጄ ሣጥን ላይ ተቀመጥኩ። ስንት ሰው ከሥሩ ቆሟል።

ምንም አልወሰንኩም። ግን መልሺልኝ፤ አሁን ለክርክር አይደለም የምጠይቅሽ። ትሳፈሪበታለሽ?

ወንድምሽ


ታኅሣሥ 27

ወንድምዬ፣

እንኳን በሰላም ወረድክ። ሽቦውን ስላየኸው እግዜር ይመስገን፤ ስላላየኸው ጊዜ አታስብ፣ ማሰብ አይቀርልህም ግን አታስብ። ያን ደብዳቤ በቁጣ ስለጻፍኩት ደግሞ አፍራለሁ። እንደዚያ ነበር መስማት የነበረብህ? ይቅር በለኝ።

አልሳፈርም።

ይኸውልህ መልሱ፤ ይኸን ለመጻፍ ነው ይኸን ሁሉ ጊዜ የዞርኩት። ማሸጊያው ከመለጠፉ በፊት ብሎን ሊፍቱን ለሙከራ ያወጣው ያወርደው ነበር። አንድ ቀን ስመለስ ምድር ቤት በሩን ከፍቶ "ይግቡ መምህርት፣ ላድርስዎት" አለኝ። "ዳቦ ረስቼ" አልኩና ወጣሁ። ሕንፃውን ዞርኩ፤ ወደ ላይ መሄዱን አረጋግጬ በደረጃ ወጣሁ። ሌላ ቀን ደግሞ "ሐኪም ደረጃ ውጪ ብሎኛል" አልኩት። ሦስተኛ ጊዜ አልጠየቀኝም። አንገቱን ደፍቶ ሥራውን ቀጠለ፤ ገብቶታል።

አየህ፣ ክፍል ውስጥ ስለ እምነት ሳስተምር፣ እምነት አፍ የሚለው አይደለም፤ እግር የሚረግጠው ነው እላለሁ። ተማሪዎቼ ይጽፉታል፤ ፈተና ላይም ይመጣል። በራሴ ፈተና ወደቅኩ። ብሎንን አላምነውም። እማዬን ግን "ግቢ፣ አይዞሽ" ልላት ተዘጋጅቼ ነበር። ይኸ የገባኝ ያንተን ደብዳቤ እያነበብኩ ነው፤ ደነገጥኩ፣ በእውነት ነው የምልህ። ጉድለት ያለበትን ዓለም መቀበል ቀላል ነው ለካ፤ የሚሳፈርበት ሌላ ሰው እስከሆነ ድረስ።

ስለዚህ ከእንግዲህ ለብሎን ተሟግቼ አልጽፍልህም። ተቃውሞህን ብታነሳም ባታነሳም እህትህ ነኝ። እማዬ ያው ናት። ተነስታለች፣ ትበላለች፣ ስላንተ ትጠይቃለች። መስኮቱ ጋ ትቀመጣለች። አልፎ አልፎ "ልውረድ እንጂ" ትላለች፤ ለእኔ ይሁን ለራሷ አላውቅም።

ጎረቤቶች ማንኪያዎቹን ከየምስማሩ አውርደዋል። የት እንዳደረጉዋቸው አልጠየቅኩም። የእኛን እማዬ ራሷ ነች ያወረደችው።

እህትህ


ጥር 9

እታለም፣

በቅድሚያ ጤናሽን፤ ከዚያ የእማዬን ጤና። ስላመንሽልኝ አመሰግናለሁ። እኔ ብሆንም ዳቦ ረስቼ እል ነበር።

ተቃውሞዬን አንስቻለሁ። ይቅር ብዬው አይደለም፤ ይኸን ለብሎንም ለሰዎችሽም ንገሪ። ሰላምታም አልልክለትም። ቁጣዬ እንዳለ ነው፤ የት እንደማስቀምጠው ቸገረኝ እንጂ አልቀነሰም። ግማሹን ወደ አባባ ላዙር ብል አይሆንልኝም፤ ሞቷል። ወደ ራሴ ሳዞረው ደግሞ ሽቦው ትዝ ይለኛል። ግን እኔ ስቆጣ የታሰረችው እማዬ ናት። ይኸ ትክክል አይመጣልኝም፤ እንዴት አድርጌ ብደምረው አይመጣልኝም።

አንድ ግዴታ አስገብቻለሁ፤ መሥሪያ ቤቱም ተስማምቷል። የዘጠኙም በር መቆለፊያ እንዲቀየር፣ ሲቀየርም ብሎን ያልሆነ ሰው በየበሩ ላይ ሊፍቱ በሌለበት እየጎተተ እንዲፈትሽ። ማንኪያ ብቻ አይደለም፣ በመሮም ይሞክር ብያለሁ።

ለእማዬ ንገሪልኝ። ከእንግዲህ ትውረድ፣ ትውጣ፣ ጎረቤት ትጠይቅ፣ ፀሐይ ትሙቅ፤ እንደ ልቧ። ፈቃድ ሳገኝ እመጣለሁ፤ ያኔ አብረን እንሳፈራለን፣ ሦስታችን። እስከዚያ አንቺ በደረጃሽ።

ወንድምሽ


ጥር 25

ወንድምዬ፣

ከየት እንደምጀምር ጨንቆኛል። እንደምን አለህ ልበልህ። እኔ አለሁ። ተቀምጠህ አንብበው።

ማክሰኞ ማሸጊያው ተነሳ፤ ብሎን መቆለፊያዎቹን ሁሉ ቀየረ። ያልከው ሰው መጥቶ ዘጠኙንም በር ጎተተ፣ በመሮም ሞከረ፤ አንዱም አልተነቃነቀ። ወረቀቱን ሰጥቶ ሄደ። ለእማዬ መልእክትህን ስነግራት "ነገ ጠዋት" አለች። ጠዋት ስነሳ ለብሳ፣ ጫማ አድርጋ፣ አልጋዋ ጠርዝ ላይ ተቀምጣለች። ከግንቦት ወዲህ ያላደረገችው ጫማ ነው፤ እግሯ አብጦ ኖሮ ማሰሪያው አልደርስ ብሏል። ከጎኗ አንድ ቦርሳ አለ። ለልብስ ማጠቢያ ቤት ልትሰጥ ነው ብዬ አሰብኩ። ሞኝ ነኝ።

ብሎን ሊፍቱን አምጥቶ በሩን ከፈተ። እማዬ ደፉ ላይ ቆመች፤ ወደ ውስጥ ሳይሆን ወለሉን አየች፤ ረጅም ጊዜ። ከዚያ ብሎንን "መጀመሪያ አንተ ግባ" አለችው። ገባ። እሷ ተከትላ ገባችና እጅጌውን ያዘች። እኔ ቦርሳዋን አቀብዬ እዚያው ቀረሁ። ዳቦ ልበል፣ ሐኪም ልበል፣ አፌ ውስጥ ሰበብ ስፈልግ እማዬ "አንቺ በደረጃሽ ነይ" አለችኝ። አሾፈችብኝ እንዳትለኝ፤ ረጋ ብላ ነው ያለችው። በደረጃ ስመላለስ ታውቅ ኖሯል። በሩ ተዘጋ።

እንዴት እንደወረድኩ አላውቅም። በየፎቁ ቆሜ እሰማለሁ፤ የሊፍቱ ድምፅ ሲያልፈኝ ደግሞ እሮጣለሁ። ምድር ቤት ስደርስ እማዬ የዘበኛው ወንበር ላይ ተቀምጣለች፣ ብሎን ከጎኗ ቆሟል፤ የማለከልከው እኔ ነኝ፣ እሷ ደህና ናት። ደጅ ላይ አክስታችን ቆማለች፤ ታክሲ አስቆማ።

"እማዬ፣ የት ልትሄዱ ነው?"

"እህቴ ጋ። የእሷ ቤት መሬት ላይ ነው።"

"ለምሳ ነው? መቼ ልምጣና ልውሰድሽ?"

"አልመለስም" አለች።

ቀልድ መሰለኝ። ሳቅኩም መሰለኝ። ቤትሽ እኮ ነው፣ አባባ የሠራልሽ መደርደሪያ፣ መስኮትሽ፣ ምናምን እያልኩ ዘባረቅኩ። እስክጨርስ ጠበቀችኝ።

"መደርደሪያውን ውሰጂው" አለች። "እኔ ጠዋት በሬን ስከፍት ምን እንደማይ ታውቂያለሽ? ቆሻሻ ላወጣ ስል፣ ልብስ ላሰጣ ስል፣ ያ በር ፊት ለፊቴ ነው። እዚያ ቆሜ ነው ያየሁት፤ እዚያው ቆሜ ነው የምኖረው። ሊፍቱን የፈለግኩት ለአንድ ጊዜ ነው። ወረድኩ፤ በቃኝ።"

"ታዲያ ለምን አልነገርሽንም?"

"ማን ጠየቀኝ?"

ቦርሳዋን ለአክስታችን አቀብላ ቀጠለች።

"አንቺ ሰውዬውን እንቀበለው ትያለሽ፣ እሱ አንቀበለውም ይላል። እኔ እንዳልሰማ ብላችሁ በደብዳቤ አደረጋችሁት። ፖስተኛው ያን ሁሉ ደረጃ እያለከለከ ሲወጣ በሩን ከፍቼ የምቀበለው፣ የምፈርምለት እኔ ነኝ። ስንቱን ተቀበልኩ። አላነበብኩም፤ የሰው ደብዳቤ አላነብም። ግን አንድ ቀን እንኳ በእኔ ስም የመጣ የለም።"

ይኸን ያለችኝ ሳትቆጣ ነው። ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር። ከዚያ የብሎንን እጅጌ ለቀቀች፤ እስከዚያ ድረስ ይዛው ነበር፣ እሱም አልተነቃነቀም። "በሮቹን ደህና አድርገህ ያዝ" አለችው። ይቅር ብዬሃለሁ አላለችም፤ አልምርህምም አላለችም። ታክሲው ውስጥ ገባች። አክስታችን መስኮቱን ዝቅ አድርጋ "አይዞሽ ልጄ" አለችኝና ሄዱ።

ወንድምዬ፣ ሥራዬ ብዬ የያዝኩት "ምን ለውጥ ያመጣል?" እያልኩ ማስተማር ነው። ለማን ነው ለውጡ ብዬ ግን አልጠየቅኩም። አንተ ለአባባ ተሟገትክ፣ እኔ ለዓለም ተሟገትኩ፤ እሷ በመካከላችን ወንበር ላይ ተቀምጣ መስኮት ታያለች። ለእሷ ብለን ነበር፤ ሁለታችንም ለእሷ ብለን ነበር፤ ይኸ ነው ያንገበገበኝ።

ብሎን ተመልሶ የሊፍቱን በር ከፍቶ ቆሞ ነበር። ደረጃውን አየሁት፤ እንደማልወጣው አወቅኩ። ገባሁ። ጀግንነት እንዳይመስልህ፤ እግሬ ስለከዳኝ ነው። እስከ ስምንተኛው ሁለታችንም ወለል ወለሉን ስናይ ወጣን። ስደርስ "አመሰግናለሁ" አልኩት፤ "የማመሰግነው እኔ ነኝ" አለኝ። ከዚያ ቤቱን ከፍቼ ገባሁና በሥርዓት አለቀስኩ።

ትናንት ሄጄ አየኋት። አክስታችን ግቢ ውስጥ ወንበር አውጥታላት እግሯን አፈር ላይ አድርጋ ተቀምጣለች፤ ጫማ የለ፣ ካልሲ የለ። ሰውነቷ ቀለል ብሎላታል። ስላንተ ጠየቀችኝ፤ ደህና ነው፣ ሹራቡ ረዝሞበታል አልኳት። "ከጻፈልሽ ለእኔም ይጻፍልኝ" አለች።

አድራሻውን በጀርባው ላይ ጽፌልሃለሁ። ቤቱን ምን እናድርገው ብትለኝ እኔ መልስ የለኝም። እሷን ጠይቃት።

እህትህ